ውሃ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ የሚሆነውን ለዓለም ያስረዱት መሐንዲስ

በአሶሳና አካባቢው ዝናቡ ግንቦት ላይ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። በበጋ አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት፣ ከብቱንም በቅርብ ማጠጣት የሚፈልግ አርሶ አደር የክረምቱን ውሃ በኩሬ ወይም በአፈር ክትር ይዞ ማቆየት ይኖርበታል። ክትር የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ውሃው ሞልቶ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ከክትሩ በስተጀርባ፣ ግርጌው አካባቢ፣ መሬቱ መርጠብ ይጀምራል። ቀጥሎ ቀጭን ምንጭ ይፈልቃል። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃም ተመሳሳይ ነው፤ ሸክላ አፈር አምጥቶ ምንጩን መድፈንና በእግር መጠቅጠቅ። ምንጩ ለቀናት ይጠፋል። ከዚያም ከተደፈነው ቦታ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ኃይሉ ጨምሮና ውሃው ደፍርሶ ይወጣል። አንዳንዱ ክትር በዚሁ ይሄዳል።

ይህ ለምን እንደሚሆን በቁጥር አስልተው፣ ምን መደረግ እንዳለበትም ያሳዩት ሰው ካርል ቴርዛጊ ይባላሉ። ካረፉ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የአፈር ሜካኒክስ የተባለው የምህንድስና ዘርፍ አባት ተብለው በዓለም ዙሪያ ይጠራሉ። በአገራችንም ሲቪል ምህንድስና የተማረ ሰው ስማቸውን ከመማሪያ መጻሕፍት ያውቀዋል። በግብርናው ዘርፍ ግን ስማቸው እምብዛም አይነሳም። ትልልቅ ግድቦችን የሚመለከት ዕውቀት ተደርጎ ስለሚታይ ይመስላል። እርሳቸው የደረሱበት ሐሳብ ግን በሁለት ሜትር ክትርም ሆነ በመቶ ሜትር ግድብ እኩል ይሠራል።

ቴርዛጊ የተወለዱት እ.ኤ.አ ኦክቶበር 2 ቀን 1883 በፕራግ ከተማ ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ የኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት አካል ነበረች። አባታቸው የጦር መኮንን ሲሆኑ ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ ኦስትሪያ ውስጥ ወደምትገኘው ግራዝ ተዛወረ። ልጃቸውም የእርሳቸውን ፈለግ እንዲከተሉ በ10 ዓመታቸው ወደ ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያ ሳሉ ልባቸው ያደላው ወደ ሥነ ፈለክና ወደ ጂኦግራፊ ነበር። እ.ኤ.አ በ1900 በከፍተኛ ማዕረግ ጨርሰው ወጡ፤ ወደ ውትድርናው ግን አልሄዱም። በግራዝ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ጀመሩ።

የተማሪነት ዘመናቸው ሰላማዊ አልነበረም። በአንድ ወቅት ከዩኒቨርሲቲው ለመባረር ተቃርበው ነበር፤ ችሎታቸውን ያወቀ መምህር ስለተሟገተላቸው ተረፉ። እ.ኤ.አ በ1904 ተመረቁ። ቀጥሎ በነበረው የአንድ ዓመት የግዴታ የጦር አገልግሎት ወቅት፣ ጓደኞቻቸው በሌላ ጉዳይ ሲጠመዱ፣ እርሳቸው ስለ መስክ ጂኦሎጂ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ተረጎሙ። ማሽን ያጠኑት ወጣት ዓይናቸው ወደ መሬት መዞሩ ከዚህ ይጀምራል። ከጦር አገልግሎቱ ሲመለሱም ጂኦሎጂን ከመንገድና ከባቡር ሐዲድ ሥራ ጋር ተጨማሪ ዓመት ተማሩ።

የመጀመሪያ ሥራቸው በቪየና በውሃ ኃይል ማመንጫዎች ላይ በተሰማራ ድርጅት ውስጥ ነበር። በክሮኤሺያ ተራሮች ለግድብ የሚሆን ቦታ አጠኑ፤ ሩሲያ ውስጥ በሴንት ፒተርስበርግ የሕንፃ ሥራ መሩ። በየደረሱበት የገጠማቸው ችግር አንድ ነበር። ብረትና ኮንክሪት ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከሙ መሐንዲሱ አስቀድሞ ያሰላል። ከሥር ያለውን አፈር በተመለከተ ግን ልምድና ግምት እንጂ ስሌት አልነበረም። ግድብ በግምት ይሠራል፤ ሲፈርስም ምክንያቱ በግምት ይነገራል።

እ.ኤ.አ በ1912 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ለመስኖ የሚሆኑ በርካታ ግድቦች እየተገነቡ ነበር። ሐሳባቸው ቀላል ይመስል ነበር፤ የተሳኩትንና የተበላሹትን ግንባታዎች መዝገብ ሰብስቦ፣ የየቦታውን መሬት ዓይነት አጥንቶ፣ ከሁለቱ ሕግ ማውጣት። ከግንባታ ወደ ግንባታ እየተዘዋወሩ ሪፖርት ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ በ1913 መጨረሻ ወደ ኦስትሪያ ሲመለሱ ግን ተስፋ ቆርጠው ነበር። በሪፖርቶቹ ላይ ሸክላ ወይም አሸዋ ተብሎ ከመጻፉ በቀር አፈሩ ስንት ውሃ እንደያዘ፣ ውሃን በምን ፍጥነት እንደሚያሳልፍ፣ ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚጨመቅ የሚል ቁጥር የለም። ሁለት ቦታ ላይ ሸክላ የተባለው አፈር ጠባዩ ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በእኛ ክልልም አርሶ አደሩ ቀይ አፈር የሚለው ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ያውቁታል።

ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ቴርዛጊ የመሐንዲስ ጦር እየመሩ በሰርቢያ ግንባር ዘመቱ። እ.ኤ.አ በ1916 በኢስታንቡል በኦቶማን የምህንድስና ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ ያ ሥራም አብሮ ቀረ። በዚያው ከተማ የሚገኘውና በአሜሪካውያን የሚተዳደረው ሮበርት ኮሌጅ በአነስተኛ ደመወዝ ቀጠራቸው። ከሕይወታቸው ሁሉ ፍሬያማው ጊዜ ይህ የችግር ዘመን ሆነ።

ላቦራቶሪ የሚባል አልነበራቸውም። የሲጋር ሳጥኖችንና ከኮሌጁ የተጣሉ ዕቃዎችን እየሰበሰቡ መለኪያዎቻቸውን በእጃቸው ሠሩ። በሳጥኖቹ ውስጥ አሸዋና ሸክላ እያስገቡ ጫኑ፤ ውሃ አሳለፉበት፤ ምን ያህል እንደሚጨመቅና ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ለዓመታት መዘገቡ። ለሙከራ የሚሆን ዕቃ የለንም እየተባለ በየቦታው ሥራ ሲቆም ለሚሰማ ሰው ይህ የሕይወታቸው ምዕራፍ በተለይ ይጥማል።

ከእነዚያ ሳጥኖች የወጣው ሐሳብ ምንድን ነው? ወንዝ በእግር የተሻገረ ሰው በሰውነቱ ያውቀዋል። ዳቡስን በበጋ መሻገሪያው ላይ ሲያቋርጡ ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ እያለ እግር መሬቱን አጥብቆ ይረግጣል። ወገብ ላይ ሲደርስ ሰውነት ይቀላል። ደረት ላይ ሲደርስ እግር መሬቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ትንሽ ፍሰት ሰውየውን ይወስደዋል። የሰውየው ክብደት አልተቀነሰም። ውሃው ከፊሉን ስለተሸከመለት እግሩ መሬቱን የሚጫንበት ኃይል ስላነሰ ነው የሚንሸራተተው።

የአፈር ቅንጣቶችም እንዲሁ ናቸው። አፈር ጸንቶ የሚቆመው ቅንጣቶቹ አንዱ ሌላውን ስለሚጫኑና ስለሚፋተጉ ነው። በመካከላቸው ያሉት ቀዳዳዎች በውሃ ሲሞሉ ከላይ የመጣውን ክብደት ሁለት ይካፈሉታል፤ ከፊሉን ውሃው፣ ከፊሉን የአፈሩ አጽም ይሸከማል። ውሃ የተሸከመው ክፍል ለአፈሩ ጥንካሬ ምንም አይጨምርም፤ ውሃ አይፋተግምና። ስለዚህ የአፈሩን ጥንካሬ ለማወቅ ከጠቅላላው ጫና ላይ የውሃውን ግፊት መቀነስ ያስፈልጋል። የቀረው አፈሩ ራሱ የሚሸከመው ጫና ነው። መሬቱ መስመጡም ሆነ መንሸራተቱ የሚወሰነው በዚህ ቀሪ መጠን ነው። ቴርዛጊ ይህን እ.ኤ.አ በ1923 ለኅትመት አበቁት። አንድ መስመር የማይሞላ ቀመር ነው።

በቁጥር እንየው። ውሃ የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አፈር ሁለት ቶን ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ደግሞ አንድ ቶን ነው። ውሃው እስከ መሬቱ ገጽ ሞልቶ ያለ እንቅስቃሴ የቆመ ከሆነ፣ ሦስት ሜትር ጥልቀት ላይ ጠቅላላው ጫና በካሬ ሜትር ስድስት ቶን፣ የውሃው ግፊት ሦስት ቶን፣ አፈሩ ራሱ የሚሸከመው ሦስት ቶን ይሆናል።

አሁን ውሃው ይንቀሳቀስ። ወደ ታች የሚሰርግ ከሆነ የአፈሩን ቅንጣቶች ወደ ታች እየጎተተ ያጠባብቃቸዋል። ከታች ያለው የውሃ ግፊት ወደ አንድ ተኩል ቶን ቢወርድ አፈሩ የሚሸከመው ወደ አራት ተኩል ያድጋል፤ መሬቱ ይጠነክራል። ወደ ላይ የሚሰርግ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የውሃው ግፊት አራት ተኩል ቶን ሲደርስ ለአፈሩ የሚቀረው አንድ ተኩል ብቻ ነው። ግፊቱ ስድስት ቶን በደረሰ ጊዜ ለአፈሩ የሚቀር ነገር የለም። ቅንጣቶቹ መነካካታቸውን ያቆማሉ፤ አሸዋው በምድጃ ላይ እንዳለ ድስት ይፈላል። የላዩ መሬት ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስ፣ ከሥሩ ባለው የውሃ አካሄድ ብቻ፣ ከጠንካራ መሬት ወደ ገንፎ ይለወጣል።

ክትር ጋ የሚሆነው ይኸው ነው። በአንድ በኩል የተከማቸው ውሃ በራሱ ክብደት እየገፋ ከክትሩ ሥር ወደ ታች ይገባል፤ በዚህኛው በኩል መሬቱን ይጫነዋል እንጂ አይጎዳውም። ከክትሩ በስተጀርባ ግን መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል። አደጋው ያለው በግርጌው ነው። ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ የመጀመሪያዎቹን ቅንጣቶች ሲያነሳ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። ቀዳዳው የውሃውን ጉዞ ስለሚያሳጥር ፍሰቱ ይበረታል፤ የበረታው ፍሰት ሌላ ቅንጣት ያነሳል። ቀዳዳው እንደ አይጥ ጉድጓድ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩሬው እየተቆፈረ ይሄዳል። ኩሬው ጋ ሲደርስ ክትሩ አለቀለት።

ቴርዛጊ እ.ኤ.አ በ1922 ባሳተሙት ጽሑፍ በዚህ መንገድ ግድብ እንዴት እንደሚፈርስና እንዴት መከላከል እንደሚቻል አሳዩ። መድኃኒቱ ከማጣሪያ የተሠራ ክብደት ነው። ውሃው በሚወጣበት ግርጌ ላይ በመጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ በላይ ድንጋይ ይነጠፋል። አሸዋው ውሃውን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለውን አፈር ግን ይይዛል። ጠጠሩ አሸዋውን፣ ድንጋዩ ጠጠሩን ይይዛል። የድንጋዩ ክብደት ደግሞ ወደ ላይ የሚገፋውን ኃይል ይቋቋማል። ሸክላ ተጠቅጥቆ ሲደፈን የሚሆነውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መውጫ ያጣው ውሃ ግፊቱ ይጨምራል፤ ለአፈሩ የሚቀረው ጫና ይቀንሳል፤ በደከመው ሌላ ቦታ ፈንድቶ ይወጣል። ሸክላ ቦታው በውሃው በኩል፣ በክትሩ ፊት ለፊትና በመሠረቱ ውስጥ ነው። በጀርባው በኩል ግን ይኸው ሸክላ ክትሩን ያፈርሳል።

እ.ኤ.አ በ1925 የአፈር ሜካኒክስን መሠረት የጣለው መጽሐፋቸው በጀርመንኛ ቪየና ውስጥ ታተመ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጠራቸው። አራት ዓመት አስተምረው እ.ኤ.አ በ1929 ወደ ቪየና ተመለሱ። በአሜሪካ ሳሉ የተዋወቋትንና ጂኦሎጂ ያጠናችውን ሩት ዶጌትን አገቡ፤ እስከ መጨረሻው በሥራም አብራቸው ነበረች።

የቪየናው ዘመን መራራ ክስተት አስከተለ። በዚያው ከተማ ፕሮፌሰር የነበሩት ፖል ፊሉንገር ከእርሳቸው ቀድመው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ውሃ በግንብ ግድቦች ሥር ገብቶ ወደ ላይ ስለሚገፋበት ኃይል ጽፈው ነበር። ሁለቱ ምሁራን በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ በ1936 ፊሉንገር ቴርዛጊንና ትምህርታቸውን ክፉኛ የሚያወግዝ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ክሱ የሙያ ብቻ ሳይሆን የስም ማጥፋትም ጭምር ስለነበረ ጉዳዩን የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የቴርዛጊ ትምህርት በዋናው ነገር ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ በማርች 1937 ፊሉንገርና ባለቤታቸው ራሳቸውን አጠፉ። ኋላ ላይ የተነሱ ተመራማሪዎች ፊሉንገር በዘርፉ ቀድመው የረገጡት መንገድ እንደነበር መስክረውላቸዋል። በቀዳዳ ውስጥ ስላለ ውሃ የተነሳ ክርክር የሰው ሕይወት ማስከፈሉ እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ነው።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ በ1936 የበጋ ወራት፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፈር ሜካኒክስ ጉባኤ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ ቴርዛጊ የዓለም አቀፉ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል አገራቸውን ለቀው ወደ ሃርቫርድ ሄዱ። እ.ኤ.አ በ1943 አሜሪካዊ ዜግነት አገኙ። እ.ኤ.አ በ1948 ከራልፍ ፔክ ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ የመሐንዲሶች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ለመሆን በቃ።

እያደር ከስሌት ይልቅ ለምልከታ የሚሰጡት ቦታ እየጨመረ ሄደ። ከመሬት በታች ያለው ሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ግንባታው በሚካሄድበት ጊዜና ውሃው መሙላት ሲጀምር ግፊቱን በመለኪያ መከታተል፣ ከግርጌው የሚወጣውን ውሃ መጠንና ጥራት መመዝገብ፣ የታየው ከታሰበው ሲለይ ንድፉን መለወጥ የሥራቸው ዘዴ ሆነ። አንድ መሐንዲስ ንድፉን አስረክቦ መሄዱን አይወዱም ነበር።

ለእኛ ቅርብ ከሆኑት ሥራዎቻቸው አንዱ በኬንያ የሚገኘው የሳሱሙዋ ግድብ ነው። ለናይሮቢ ከተማ ውሃ እንዲያቀርብ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ የተገነባ የአፈር ግድብ ነው። የአካባቢው ቀይ ሸክላ በላቦራቶሪ ሲፈተሽ ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ። በአውሮፓና በአሜሪካ በተለመደው መለኪያ ለግድብ የማይመች ይመስላል፤ በእጅ ሲይዙት ግን ጠንካራ ነው። ቴርዛጊ ጉዳዩን መርምረው፣ እጅግ ደቃቅ የሆኑት የሸክላው ቅንጣቶች ተያይዘው ጠጠር መሰል እብጠቶች መሥራታቸውን፣ አፈሩ ጥሩ ባሕርይ ያሳየውም በዚህ ምክንያት መሆኑን አስረዱ። ጥናቱ እ.ኤ.አ በ1958 ለንደን ውስጥ ታተመ። በሞቃታማ አገሮች ቀይ አፈር ላይ ለሚሠሩ መሐንዲሶች ዛሬም ይጠቀሳል። የአሶሳ አካባቢ አፈርም ቀይ ነው። በቀለም መመሳሰል በጠባይ መመሳሰል ባይሆንም፣ ከሌላ አገር በመጣ ሠንጠረዥ ብቻ የራስን አፈር መፍረድ እንደማይገባ ከሳሱሙዋ መማር ይቻላል።

ሌላው ሥራቸው ከዓባይ ጋር ያገናኛቸዋል። ቴርዛጊ በግብጽ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ የአማካሪዎች ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ። ወደ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚመነጭ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የእኛን ክልል አቋርጦ የሚያልፈው የዓባይ ነው። በአስዋን የግድቡ መሠረት በጥልቅ አሸዋና ደለል ላይ ማረፍ ስለነበረበት ዋናው ጥያቄ የስርገት ጥያቄ ነበር፤ ውሃው ከግድቡ ሥር እንዴት ይገታል፣ ያመለጠውስ እንዴት በሰላም ይወጣል የሚል። ግንባታውን የሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶች ሲረከቡ ከእነርሱ ጋር ባለመስማማታቸው እ.ኤ.አ በ1959 ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። ያን ጊዜ 75 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ትልቅ ስም የሚያስገኝ ሥራ በዚያ ዘመን አልነበረም። ያላመኑበትን ፈርመው ከመቀጠል መልቀቁን መረጡ።

በዚሁ ወንዝ ላይ፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። 145 ሜትር ከፍታ ያለው ዋናው ግድብ ከኮንክሪት የተሠራ ነው። ንጋት ሐይቅን በሌላ አቅጣጫ የሚይዘው ኮርቻ ግድብ ደግሞ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ሙሌት ነው። እንዲህ ባሉ ግድቦች ከመሠረቱ ሥር ያለውን የውሃ ግፊት መለካትና የሚሰርገውን ውሃ ሰብስቦ ማውጣት በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ነው። መነሻው ግን የኢስታንቡሉ የሲጋር ሳጥን ነው።

ቴርዛጊ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 25 ቀን 1963 በማሳቹሴትስ ግዛት ዊንቸስተር ከተማ በ80 ዓመታቸው አረፉ። እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ይጽፉ ነበር። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት በአስቸጋሪ መሠረት ላይ እንዲቆም የረዱት የሚሽን ግድብ እ.ኤ.አ በ1965 በስማቸው ተሰየመ።

ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላም ጉዳቱ አልቀረም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የቴቶን ግድብ እ.ኤ.አ ጁን 5 ቀን 1976 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ፈረሰ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። በጠዋት የታየ ድፍርስ ፍሳሽ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግዙፉን የአፈር ግድብ ናደው። በአገራችን በትግራይ የተሠሩ ብዙ አነስተኛ የመስኖ ግድቦችም ዋና ችግራቸው በመሠረታቸው የሚያመልጠው ውሃ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ተዳፋት መሬት ዝናብ ሲጠግብ በውስጡ ያለው የውሃ ግፊት ከፍ ይላል፤ አፈሩ ራሱ የሚሸከመው ጫና ዝቅ ይላል፤ ትናንት የቆመው ዛሬ ይሄዳል። በክትርም በተራራም ሕጉ አንድ ነው።

በክልላችን ክትርና ኩሬ ያላቸው አርሶ አደሮች ከዚህ ሊወስዱት የሚችሉት ጥንቃቄ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከመሥራት በፊት ሥር ያለበትንና የላላውን የላይ አፈር ገፎ፣ በክትሩ መሃል መስመር ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቦይ ቆፍሮ በሸክላ እየጠቀጠቁ መሙላት ውሃው ከሥር የሚጓዝበትን መንገድ ያረዝማል። በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ምስጥ ብዙ ስለሆነ ኩይሳ ባለበት መሬት ላይ ክትር ማቆም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል፤ የምስጥ መተላለፊያ ለውሃ የተዘጋጀ ቧንቧ ነውና። በጀርባው በኩል ዛፍ አለመትከልም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ሲበሰብስ ቀዳዳ ይተዋል።

ክትሩ ከሞላ በኋላ በግርጌው የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ከሆነና መጠኑ ካልጨመረ አያስደነግጥም። በብርጭቆ ቀድቶ አስቀምጦ ማየት ይበቃል። ደለል ከሥሩ ከተቀመጠ ውሃው አፈር እየሰረቀ ነው ማለት ነው። ያኔ አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱ ከአንድ ስንዝር ባላነሰ ውፍረት ማንጠፍና ለወረዳው የመስኖ ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አሸዋው ተዘልሎ ድንጋይ ብቻ ቢጣልበት አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ድፍርሱ በፍጥነት ከጨመረ ግን ከክትሩ በታች ያለውን ሰውና ከብት ማራቅ ይቀድማል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ኩሬን በአንድ ጊዜ ማስለቀቅ ነው። ውሃው በፍጥነት ሲወርድ በክትሩ አካል ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ባዶው ኩሬ መፍሰስ ይጀምራል። የውጪው ውሃ ደግፎት የነበረው የውስጠኛው ተዳፋት ድጋፉን አጥቷል፤ በውስጡ ያለው ግፊት ግን ገና አልወረደም። ክትሩ ወደ ውስጥ የሚንሸራተተው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ካልሆነ በቀር በቀናት ቀስ እያሉ ማውረድ ይመረጣል።

የቴርዛጊ ማስታወሻዎችና ሪፖርቶች ዛሬ ኖርዌይ ኦስሎ ውስጥ በሚገኘው የጂኦቴክኒክ ተቋም በስማቸው በተሰየመ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።